ሁለት ጊዜ ኢትዮጵያዊ የሆነው ካውቦይ

በጅማ ከተማ ከፋሺስት ወረራ ዘመን የቀሩ ሕንጻዎች አሉ። ከእነርሱ መካከል ማዘጋጃ ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ በነዋሪው ዘንድ በሚገባ የታወቁ ናቸው። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወርሩ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት፤ በጥንቱ የሂርማታ ገበያ ዙሪያም አዲስ ከተማ ቀየሱ። ፋሺስቶች ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይዝናኑ የሚያግድ ሕግ ያወጡ ስለነበሩ፣ እንዲህ ያለው አዳራሽ የታነጸው የአገሩን ልጅ በማሰብ አልነበረም። ይሁን እንጂ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ አዳራሹ ለአገሬው ቀረ።

ከነጻነት በኋላ በተከታተሉት ዐሥርተ ዓመታት በአገራችን ሲኒማ ቤቶች ከታዩት ፊልሞች መካከል የካውቦይ ፊልም የላቀ ስፍራ ነበረው። ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ደፍቶ፣ ሽጉጡን ከወገቡ አንጠልጥሎ፣ በፈረስ ብቻውን የሚመጣው ሰው የወጣቱን ልብ ማርኮ ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያደገው ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የቡና ከተሞች በአንዲቱ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በከተማችን ሲኒማ ቤት ባይኖርም ቪዲዮ ቤት ነበር፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን የተቀመጠበት ክፍል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከለቀማ የተገኘች ሳንቲም በእኛ በልጆቹ እጅ ስለምትገባ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል። በዚያ ቤት ማንም የማይጠራጠረው አንድ ሕግ ነበር፦ «አክተር አይሞትም።» አክተር ማለት በእኛ አነጋገር የፊልሙ ጀግና ነው። ሌላው ሁሉ ቢረግፍ እርሱ ይተርፋል።

አንድ ቀን የተከፈተልን ፊልም ሦስት ሰዎች በምድረ በዳ ባለ የባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቁ በማሳየት ጀመረ። ከሦስቱ አንዱ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ ጥቁር ሰው ነበር። ከበላዩ የምትንጠባጠብ ውኃ በተላጨ ራሱ ላይ ስታርፍ ኮፍያውን ደፋ፤ ጠብታዋ በኮፍያው ላይ መውረዷን ቀጠለች፤ እርሱ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ኮፍያውን አውልቆ የተጠራቀመችውን ውኃ ጠጣት። እኛም አክተሩ እርሱ መሆኑን በአንድ ድምፅ ወሰንን። ባቡሩ መጥቶ ሲሄድ ግን ተኩስ ተከፈተና ሦስቱም ወደቁ። ከመካከላችን በዕድሜ ከፍ ያለ ልጅ «ከሞተማ አክተር አይደለም» ብሎ ፍርዱን ሰጠ። ክፍሉ ተስማማ፤ ፊልሙም ያለ እርሱ ቀጠለ።

ያ ሰው ዉዲ ስትሮድ ይባላል። ፊልሙም ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ያዘጋጀው «በአንድ ወቅት በምዕራብ» የተሰኘው ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ይህ ተዋናይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በሆሊውድ ታላላቅ ፊልሞች ውስጥ ሁለት ጊዜ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ተጫውቷልና። አንድ ጊዜ ንጉሣችን ሆነ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በባርነት የተሸጠ ወገናችን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ ማቅረብና፣ በእርሱ ዕጣ በኩል አንድ ጥያቄ ማንሳት ነው፦ የአንድ ሕዝብ መልክ በፊልም ሸራ ላይ ሲታይ የሚስለው ማን ነው? ተመልካቹስ ራሱን የሚያስቀምጠው ከማን ወገን ነው?

ልደትና ወጣትነት

ዉድሮ ዊልሰን ዉልዋይን ስትሮድ በጁላይ 25 ቀን 1914 በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከደቡቡ ክፍል ከኒው ኦርሊንስ የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ የዘር ሐረጋቸው በእኛ ዘንድ «ቀይ ሕንዶች» እየተባሉ ከሚጠሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦችም ይመዘዛል። የመጀመሪያ ስሙ በጊዜው ሥልጣን ላይ የነበረው የፕሬዚዳንት ዉድሮ ዊልሰን ስም ነው። የዚያው ፕሬዚዳንት አስተዳደር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን እየለየ ያስቀመጠ መሆኑን ስናስታውስ፣ የልጁ ስምና የተወለደበት ዓለም እንዴት እንደተጣሉ እንገነዘባለን።

ስትሮድ ወደ ጥበብ የገባው በስፖርት በር ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በዐሥር ዓይነት የአትሌቲክስ ውድድር የሚፈተን ብርቱ ስፖርተኛ ነበር። ሁበርት ስቶዊትስ የተባለ ሠዓሊ የአሜሪካ ስፖርተኞችን ሥዕል ሲያዘጋጅ የስትሮድን ቁመና ከመረጣቸው መካከል አደረገው። ሥዕሎቹ በ1936 የኦሎምፒክ ውድድር ምክንያት በበርሊን ለዕይታ ቢቀርቡም፣ ከተሣሉት መካከል ጥቁሮችና አይሁዶች ስለነበሩ ናዚዎች ዐውደ ርእዩን ዘጉት። ያ ዓመት የሮማ ፋሺስቶች አዲስ አበባ የገቡበት ዓመት ነው። የጥቁር ሰው ሙሉ ቁመና፣ በሥዕል ሸራ ላይም ሆነ በአድዋ ታሪክ ውስጥ፣ ለሁለቱም አገዛዞች የማይታገሡት ነገር ነበር።

በ1939 ስትሮድ ከኬኒ ዋሽንግተንና ኋላ በቤዝቦል ታሪክ ስሙ ከገነነው ከጃኪ ሮቢንሰን ጋር በዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ተሰለፈ። ይህ ኳስ እኛ ከምናውቀው የተለየ፣ በእጅ እየተያዘ የሚሮጥበት የጉልበት ጨዋታ ነው። በዚያን ጊዜ ታላቁ የአሜሪካ ሊግ ከ1934 ጀምሮ አንድም ጥቁር ተጫዋች አያሰልፍም ነበር። በ1946 የራምስ ቡድን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር፣ የጥቁሮች ጋዜጠኞች በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ስታዲየም የሚጫወት ቡድን ጥቁሩን ሊያገልል አይገባም ብለው ተሟገቱ፤ ተሳካላቸውም። ቡድኑ መጀመሪያ ዋሽንግተንን፣ ቀጥሎም ስትሮድን አስፈረመ። ስትሮድ ግን ሠላሳ ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ተቃርቦ ነበር፤ የተጫወተው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። የጥቁሮችን መንገድ የከፈተበትን ያን ዓመት እርሱ ራሱ በኋላ ዘመኑ ሲያስታውሰው ከደስታው ይልቅ ምሬቱ ያይልበት ነበር። ከዚያም ወደ ካናዳ ተሻግሮ በ1948 ከካልጋሪ ቡድን ጋር የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። በትግል ግጥሚያም እንጀራውን ጋገረ።

ንጉሥና አልጋ ተሸካሚ

ስትሮድ በፊልም ላይ ብቅ ማለት የጀመረው በ1941 ቢሆንም፣ በሥራው ጸንቶ የቆየው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። በቴሌቪዥን «ራማር ዘ ጃንግል» በተሰኘው የጫካ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ታየ። ሆሊውድ ለጥቁር ተዋናይ ያዘጋጀው ስፍራ በዚያን ጊዜ ጠባብ ነበር፤ ጦር የያዘ ዘበኛ፣ ጓዝ የተሸከመ አሽከር፣ አለዚያም ነጩን ጀግና የሚያስፈራራ የጫካ ሰው።

በ1956 ሴሲል ደሚል «ዐሥርቱ ትእዛዛት» የተሰኘውን ታላቅ ፊልም አዘጋጀ። በፊልሙ መጀመሪያ ገና የግብፅ መስፍን የነበረው ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ሲመለስ፣ የኢትዮጵያን ንጉሥና የንጉሡን እኅት ታርቢስን በፈርዖን ፊት ያቀርባል። ያመጣቸውም በምርኮኛነት ሳይሆን በወዳጅነት መሆኑን ይገልጻል። ታሪኩ ጆሴፉስ ከጻፈው ጥንታዊ ትረካ የተወሰደ ነው። ያ የኢትዮጵያ ንጉሥ ዉዲ ስትሮድ ነበር። ይሁን እንጂ ስትሮድ በዚሁ ፊልም ውስጥ ሁለተኛ ሥራ ነበረው፤ የፈርዖንን ልጅ በአልጋ ከሚሸከሙት ባሮች አንዱ እርሱ ነው። አንድ ሰው በአንድ ፊልም በአንድ ወገን የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ በሌላ ወገን አልጋ ተሸካሚ! ለአዘጋጁ ሁለቱም አንድ ዓይነት አካል የሚጠይቁ፣ እምብዛም ንግግር የማያስፈልጋቸው ገጸ ባሕርያት ነበሩ።

በዚያው ጊዜ በእኛ አገር ምን ይደረግ እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1948 ዓ.ም. መግቢያ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በአዲስ አበባ ተከፍቶ ነበር። በዚያ መድረክ የአገሩ ተዋናይ ንጉሥም ገበሬም ሆኖ በገዛ ቋንቋው ረጅም ቃለ ተውኔት ይናገር ነበር። በዓለም ሲኒማ ቤቶች የታየው የኢትዮጵያ ንጉሥ ግን ግርማው በቁመናው ብቻ የተወሰነ ነበር።

ሁለተኛው ኢትዮጵያዊ በ1960 መጣ። ስታንሊ ኩብሪክ ያዘጋጀው «ስፓርታከስ» በጥንታዊት ሮማ የባሮችን ዐመፅ ይተርካል። ስትሮድ ድራባ የተባለውን ኢትዮጵያዊ ግላዲያተር ሆኖ ይጫወታል። ድራባ ጥቂት ቃል የሚናገር፣ ከሰው ጋር ወዳጅነት የማይፈልግ ሰው ነው፤ ነገ ሊገድለው ከሚችለው ሰው ጋር ዛሬ መወዳጀት አይሻም። ከሮማ የመጡ ባለጠጎች ሁለት ሰዎች እስከ ሞት ሲፋለሙ ለማየት ገንዘብ ይከፍላሉ። ድራባ በመረቡና ሦስት ሹል ባለው ጦሩ ስፓርታከስን ድል አድርጎ ጦሩን ከአንገቱ ላይ ያሳርፋል። ግደለው ይባላል። እርሱ ግን ወዳጁ ያልሆነውን ያን ሰው ትቶ ጦሩን ወደ ባለጠጎቹ መቀመጫ ይወረውራል፤ ግንቡንም ይዞ ሊወጣባቸው ይንደረደራል። በዚያው ይገደላል። ሬሳው ለሌሎቹ ባሮች መቀጣጫ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል፤ ዐመፁም ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ይፈነዳል።

ይህ ገጸ ባሕርይ በፊልሙ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ነገር ግን ስትሮድን ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ዕጩ አድርጎታል። ጥበቡ ከምን ላይ እንደሆነ ለተዋንያን መግለጽ አይከብድም። ስትሮድ ድራባን ሲጫወት የሚናገረው በፊቱ ነው፤ ጦሩ ከስፓርታከስ አንገት ላይ ባረፈበት ቅጽበት አንድ ሰው ውሳኔ ሲወስድ እናያለን። አዘጋጁ ጉልበት ፈልጎ ጠራው፤ እርሱ ግን ሐሳብ ይዞ መጣ።

የቴሌቪዥኑ ካውቦይ

ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በካውቦይ ተከታታይ ፊልሞች ተጥለቀለቀ። «ገንስሞክ» ከ1955 እስከ 1975፣ «ቦናንዛ» ከ1959 እስከ 1973 ታዩ። ከቴክሳስ ከብት እየነዱ የሚጓዙ ሰዎችን የሚተርከውና ክሊንት ኢስትዉድን ያስተዋወቀው «ሮሃይድ» ከ1959 እስከ 1965 ቆየ።

ካውቦይ ማለት በትክክለኛ ትርጉሙ ከብት ነጂ ማለት ነው። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ከቴክሳስ ወደ ባቡር ጣቢያዎች ያን ሁሉ ከብት ከነዱት ሰዎች ብዙዎቹ ከባርነት የተላቀቁ ጥቁሮች ነበሩ። የታሪክ ተመራማሪዎች በግምት ከአራቱ ካውቦይ አንዱ ጥቁር እንደነበር ይናገራሉ። ሜክሲኳውያንና ነባር ሕዝቦችም ከዚህ ላይ ይጨመራሉ። በቴሌቪዥን ሲቀርብ ግን ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆነ። ሬይመንድ ሴንት ዣክ በ«ሮሃይድ» ውስጥ ቋሚ ተዋናይ ሆኖ የገባው በ1965 ሲሆን፣ በካውቦይ ተከታታይ ፊልም ይህን ስፍራ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው። ያም ተከታታዩ በተዘጋበት ዓመት መሆኑ ነው።

ስትሮድ የገባው በዚህ በተዘጋ በር በኩል፣ እንግዳ ተዋናይ እየሆነ ነው። በ1961 በ«ሮሃይድ» አንድ ክፍል ውስጥ የጥቁሮቹን ፈረሰኛ ጦር ወታደር ሆኖ ተጫወተ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው ተከታታይ ፊልም የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ሆኖ ተመለሰ። በሌላ ፊልም የኮማንቼ ተዋጊ፣ በሌላው የሞንጎል ጦረኛ አደረጉት። ፊቱ የነጭ እስካልሆነ ድረስ የየትኛውም አገር ሰው ሊሆን ይችላል የሚል ስሌት ነበር። እርሱም የተሰጠውን ሁሉ ሳያቃልል ሠራ።

በዚያ ዘመን አንድ ሥራ ለብቻው ይነሣል። ጆን ፎርድ በ1960 ያዘጋጀው «ሳጅን ራትሌጅ» በዘጠነኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ያለ ጥቁር ሳጅን አንዲት ነጭ ልጃገረድን ደፍሮ ገድሏል ተብሎ በሐሰት ተከስሶ በጦር ፍርድ ቤት ሲዳኝ ያሳያል። ሳጅኑ ለማምለጥ መንገድ አግኝቶ ሳለ፣ ጓዶቹ በአደጋ ላይ መሆናቸውን አይቶ ይመለሳል። የፊልሙ ርእስ የስትሮድ ገጸ ባሕርይ ስም ነው፤ ታሪኩም የእርሱ ነው። በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ ግን ስሙ የተጻፈው ከሦስት ነጮች በኋላ አራተኛ ሆኖ ነው። በፊልሙ ውስጥ ፔኮስ የተባለውን ወንዝ በፈረስ የሚሻገርበት ትዕይንት አለ። ስትሮድ ስለዚያ ሲናገር ወንዙን የተሻገረው ብቻውን ሳይሆን ጥቁሩን ሕዝብ ሁሉ ተሸክሞ እንደነበር ገልጿል።

በ1962 ዓመተ ምሕረት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ፎርድ ባዘጋጀው «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» ውስጥ ደግሞ ፖምፔ የተባለ የጆን ዌይን ረዳት ሆነ። መምህራን ሊያዩት የሚገባ አንድ ትዕይንት እዚያ አለ። ፖምፔ በጎልማሳ ዕድሜው ፊደል ይቆጥራል፤ መምህሩ የአሜሪካንን የነጻነት መግለጫ በቃሉ እንዲል ይጠይቀዋል። ፖምፔ ይጀምርና ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ መፈጠሩን ከሚናገረው ስፍራ ሲደርስ ይረሳዋል። መምህሩም ብዙ ሰዎች ያን እንደሚረሱት ይነግረዋል። ከግድግዳው ላይ የሊንከን ሥዕል ተሰቅሏል። የፎርድ ፊልም ከዚህ በላይ ወደ ፊት አልተራመደም፤ ፖምፔ አሽከር እንደሆነ ይቀራል። ያም ሆኖ ስትሮድ ያን መርሳት ሲጫወተው የአገሪቱ እንጂ የፖምፔ መርሳት እንዳልሆነ ተመልካቹ ይረዳል።

ሮማ

በ1966 «ዘ ፕሮፌሽናልስ» በተሰኘው ፊልም ከበርት ላንካስተር፣ ከሊ ማርቪንና ከሮበርት ራያን ጋር ከአራቱ ተጓዦች አንዱ ሆኖ ከተጫወተ በኋላ ስትሮድ ወደ ጣሊያን አቀና። ጣሊያኖች በዚያን ጊዜ «ስፓጌቲ ዌስተርን» የተባለውን ፊልም በብዛት ይሠሩ ነበር። በቪዲዮ ቤታችን የሞተበት ፊልም የዚህ ጉዞው ፍሬ ነው።

በዚያው በ1968 ቫሌሪዮ ዙርሊኒ የተባለው ጣሊያናዊ አዘጋጅ በፓትሪስ ሉሙምባ የመጨረሻ ሰዓታት ላይ የተመሠረተ ፊልም ሠርቶ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ለስትሮድ ሰጠው። ሉሙምባ የተገደለው በ1961 ነው። የገጸ ባሕርዩ ስም ላሉቢ ተብሎ ቢለወጥም ማን እንደሆነ የሚስት ተመልካች የለም። ሆሊውድ ንጉሥ፣ ባሪያና አሽከር ያደረገውን ሰው፣ አፍሪካዊ መሪ አድርጎ ያቀረበው ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ኢትዮጵያን በመርዝ ጋዝ ከወጋው አገር የወጣ ከያኒ ነው። ይህን መዘንጋት የለብንም፤ ጥበብ የመንግሥታትን በደል አያጥብም፤ ነገር ግን የአንድ አገር ከያኒ የገዛ አገዛዙን ኃጢአት ሊመረምር እንደሚችል ያስረዳል።

ስትሮድ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ በአውሮጳና በአሜሪካ እየተመላለሰ ሠርቷል።

ጅማና ካውቦዩ

እዚህ ላይ ወደ ጅማ እንመለስ። የጅማ ሰው ካውቦይን የሚያውቀው በፊልም ብቻ አልነበረምና። በ1952 በአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ርዳታ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ መምህራኑን የላከው የኦክላሆማ የግብርናና መካኒክ ኮሌጅ ነው። ኦክላሆማ በከብት ነጂዎችና በተፈናቀሉ ነባር ሕዝቦች ታሪክ የታወቀ ምድር ነው፤ የኮሌጁ የስፖርት ቡድንም «ካውቦይስ» ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ የጅማ ተማሪ በፊልም ከሚያየው ምድር የመጣ ሰው አፈር ሲመረምር፣ ላም ሲከትብ፣ ችግኝ ሲያፈላ በዐይኑ አይቷል። እውነተኛው የምዕራብ ሰው ከተኳሽነቱ ይልቅ ገበሬነቱ ይበልጥ ነበር። ያ ትምህርት ቤት ኋላ ኮሌጅ ሆኖ፣ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ሌላም ነገር አለ። በካውቦይ ፊልም ውስጥ ማታ እሳት ዳር የማይቀር ዕቃ ቢኖር ከጭስ የጠቆረ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ነው፤ በውስጡም ቡና አለ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ አርበክል የተባሉ ወንድማማቾች ቆልተው በከረጢት ያሸጉት ቡና የከብት ነጂዎች ስንቅ ሆኖ ነበር። ያ ቡና የመጣው ከደቡብ አሜሪካ እርሻዎች ቢሆንም፣ የዐረቢካ ዘር መሠረቱ የእኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በየመን፣ በጃቫና በአምስተርዳም አድርጎ ወደ አዲሱ ዓለም ተሻገረ። የጎማ፣ የሊሙና የጌራ ልጅ በቪዲዮ ቤት ተቀምጦ ካውቦዩ ቡና ሲጠጣ ሲያይ፣ ያየው የአያቶቹን ዛፍ ፍሬ ነበር። ማንም ግን አልነገረውም። ፊልሙ ቡናውን ያሳያል፤ አገሩን አይጠራም። ጥቁሩን ካውቦይም ያሳያል፤ ታሪኩን አይተርክም።

ከማን ወገን ነበርን?

ጎንደር ተወልዶ ያደገው የፊልም ሰው ኃይሌ ገሪማ ስለ ልጅነቱ ሲናገር አንድ ነገር በግልጽ አስቀምጧል። እርሱና ባልንጀሮቹ ከሲኒማ ወጥተው በጎንደር ተራሮች ካውቦይና ቀይ ሕንድ እየሆኑ ሲጫወቱ፣ ሁሉም መሆን የሚሹት ካውቦዩን ነበር፤ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚፈልግ አልነበረም። የታርዛን ፊልም ሲያዩም ልባቸው ከታርዛን ጋር ነበር፤ አፍሪካውያኑን የሚያዩት በታርዛን ዐይን ነበር። ስትሮድ በ1958 እና በ1963 በታርዛን ፊልሞች ውስጥ የታርዛን ተጻራሪ ሆኖ መጫወቱን ልብ ይሏል። እንግዲህ በአገራችን አዳራሾች የራሳችንን መልክ የያዘውን ሰው ሲሸነፍ እያየን አጨብጭበናል ማለት ነው።

ይህን በልጆች ላይ ለመፍረድ አላነሣነውም። ተመልካች የሚቆመው ታሪኩ ካቆመው ቦታ ላይ ነው። «ከሞተማ አክተር አይደለም» ያለው ልጅ አልተሳሳተም፤ የፊልሙን ሕግ በትክክል አንብቧል። የሚለወጠው ሕጉ እንጂ ልጁ አይደለም። ሕጉን የሚለውጠውም ታሪኩን የሚጽፈው ሰው ነው።

ለዚህም ምስክር አለን። በ1973 ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀው «ሻፍት በአፍሪካ» በከፊል በኢትዮጵያ ምድር ሲቀረጽ፣ ደበበ እሸቱ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ተጫወተ። ከስትሮድ «የኢትዮጵያ ንጉሥ» ዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህ አንድ እርምጃ ነው፤ ተዋናዩ የእኛ ሆነ፤ ድርሰቱ ግን የሌላ ነበር። ሌላው እርምጃ በ1976 መጣ። በልጅነቱ ለካውቦዩ ያጨበጨበው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተሰኘው ፊልሙ የኢትዮጵያን ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ፣ በገዛ ቋንቋው፣ የታሪኩ ባለቤት አድርጎ አቀረበ። በዚያ ፊልም ውስጥ ከብት የሚነዱት እረኞች እንደ ካውቦይ አይተኩሱም፤ ቢሆንም ፊልሙ የሚያየው በእነርሱ ዐይን ነው።

ስም ከመቃብር በላይ

ስትሮድ በ1990 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። በ1993 ማሪዮ ቫን ፒብልስ ስለ ጥቁር ካውቦዮች «ፖሲ» የተሰኘ ፊልም ሲያዘጋጅ፣ ታሪኩን የሚተርከውን ሽማግሌ እንዲጫወት ስትሮድን ጠራው። በረጅም የትወና ዘመኑ ጥቂት ቃል እየተሰጠው የኖረ ሰው፣ በመጨረሻ የተራኪውን ቦታ ያዘ። በዲሴምበር 31 ቀን 1994 በሰማንያ ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ዐረፈ። በ1995 የወጣው የመጨረሻ ፊልሙ «ዘ ኩዊክ ኤንድ ዘ ዴድ» ለመታሰቢያው ተበረከተ።

በዚያው ዓመት «ቶይ ስቶሪ» የተሰኘ የልጆች የካርቱን ፊልም ወጣ። ጀግናው ዉዲ የተባለ የካውቦይ አሻንጉሊት ነው። ስሙን የወሰደው ከዉዲ ስትሮድ መሆኑን ከሠሪዎቹ አንዱ መስክሯል። ዛሬ በጅማም ሆነ በአጋሮ ያ አሻንጉሊት ያለበትን ፊልም በስልክ የሚያይ ሕፃን አይታጣም። አሻንጉሊቱ ግን ነጭ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እውነት ነው፤ መልኩን አስከትሎ ካልዋለ ግን ስሙ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

ስለዚህ በጅማና በአካባቢዋ ላሉ መምህራን፣ ከያንያንና የባህል ሥራ ኃላፊዎች የቀረበው ማሳሰቢያ ይህ ነው። ፊልም ለተማሪ ስታሳዩ ከጀግናው ጎን የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ከየት መጣ፣ ለምን ጥቂት ተናገረ፣ ማንስ ጻፈለት በሉ። ወራሪ ለራሱ ባሠራው አዳራሽ የአገሩን ድርሰት አሳዩበት። ቡና ለቃሚዋ፣ ሲራራ ነጋዴው፣ በሂርማታ ገበያ ዐሞሌ የቆጠረው ሽማግሌ፣ በእርሻ ትምህርት ቤቱ ችግኝ ያፈላው ተማሪ ደራሲ ይጠብቃሉ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላልና፣ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ከሩቅ የሚመጣ ተራኪ ቢጽፈው እንደ ዐሥርቱ ትእዛዛት ንጉሥ ቁመና ብቻ ይሆናሉ።

ያደግሁባት ከተማ ቪዲዮ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። ከባልንጀሮቼ ጋር ስንገናኝ ግን ያን የባቡር ጣቢያ ዛሬም እናነሣለን። የፊልሙን ጀግና ስም የሚያስታውስ ከመካከላችን አልተገኘም። ኮፍያው ላይ ውኃ የተጠራቀመበትን ጥቁር ሰው የረሳው ግን የለም።